በሶብላ ፍሪጅ ውስጥ ለምን ይጠቁራል?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። «አነስተኛ ምግብ ቤት አለችኝ። ባሲል፣ ናና፣ ፓርስሊና የድንብላል ቅጠል አንድ ላይ አዝዛለሁ። እንደደረሱኝ አጥባቸዋለሁ። በፕላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጌ አስርና 3 ዲግሪ የሚያሳይ ፍሪጅ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ባሲሉ በሁለተኛው ቀን ይጠቁራል። ከናናው አንዱ እስር ይበላሻል፣ ሌላው ደህና ይሆናል። ፓርስሊው አይጠወልግም፣ ግን ቶሎ ቢጫ ይሆናል። አቅራቢዬ ‹ፍሪጅሽ በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ነው› ይለኛል። ወደ 1 ዲግሪ ላውርደው ወይ?»

እህቴ፣ ባሲሉን ከዚያ ፍሪጅ ሳያወጡ አያውርዱት። እሱን ያጠቆረው ቅዝቃዜው ራሱ ነው። ፍሪጁን ባወረዱት ቁጥር ይብስበታል። ባሲሉን ካወጡ በኋላ ግን ማውረዱ ለቀሩት ይጠቅማቸዋል። አቅራቢዎ ሁሉንም ቅጠል በአንድ ዓይን ስላየ ነው የተሳሳተው።

ጥያቄዎን ሳነበው ሦስት የተለያየ ጉዳት ነው የታየኝ። ባሲሉን ብርድ መቶታል። ናናውን ውርጭ ሳይነካው አይቀርም። ፓርስሊውን ያቢጫጨው ደግሞ አብሮት የተቀመጠ ፍራፍሬ ይመስለኛል። የሦስቱም መድኃኒት ይለያያል። ለዚህ ነው መልሱን ትንሽ የማስረዝመው።

ከባሲሉ ልጀምር። ባሲል የበሶብላ ወገን ስለሆነ ከዚህ በኋላ በሶብላ እያልኩ እጠራዋለሁ። በሶብላ የሞቃት አገር ተክል ነው። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለው ድንበር በታች ሲወርድ መጎዳት ይጀምራል። እኔ በሥራዬ 12ን ነው እንደ ወለል የምይዘው። በ0 ዲግሪ አንድ ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። በ5 ዲግሪ ሦስት ቀን ገደማ ነው። በ15 ዲግሪ ላይ ግን፣ እንዳይደርቅ ከተጠበቀለት፣ ወደ 12 ቀን ሊደርስ ይችላል። የእርስዎ ፍሪጅ 3 ዲግሪ ነው፤ በሶብላው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ጠቆረ። ቁጥሩ ልክ ይመጣል። ፍሪጅዎ እንደተባለው ሰነፍ አይደለም።

ምን እንደሚሆን ልንገርዎ፤ ይህን ከተረዱ የቀረውን ራስዎ ይደርሱበታል። የቅጠሉ እያንዳንዱ ሕዋስ በጣም ስስ በሆነ የቅባት ሽፋን የታጠረ ነው። ሽፋኑ ሥራውን የሚሠራው ለስላሳና ተጣጣፊ እስከሆነ ድረስ ነው። ቅቤ ብርድ ላይ እንደሚረጋ ሁሉ የበሶብላ ሽፋንም ቅዝቃዜ ሲበዛበት ይረጋል። የረጋ ሽፋን ደግሞ ማፍሰስ ይጀምራል። ሕዋሱ ውስጥ በተለያየ ክፍል ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮች አሉ። በአንዱ ክፍል ፌኖል የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ በሶብላ እነዚህን በብዛት ይይዛል። በሌላው ክፍል እነሱን የሚያጠቁር ኤንዛይም አለ። ግድግዳው ሲያፈስ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ኦክስጅን ይጨመርበታል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። የተቆረጠ ፖም ቡናማ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው። የበሶብላ ልዩነቱ፣ ቢላዋ ሳይነካው ብርዱ ብቻ ቆርጦት ማደሩ ነው።

ፓርስሊ ይህ የማይደርስበት የሽፋኑ ቅባት በአብዛኛው በዚያ ቅዝቃዜ የማይረጋ ዓይነት ስለሆነ ነው። ብዙ የምግብ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ እንደሚያድረው ማለት ነው። ስለዚህ በሶብላና ፓርስሊ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቢሸጡም በቅዝቃዜ ጉዳይ ሆድና ጀርባ ናቸው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን፣ ብዙ ጠብ የሚያስነሳውን ነገር ልንገርዎ። የብርድ ጉዳት ወዲያው አይታይም። በሶብላው ብርድ ውስጥ እያለ አረንጓዴ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ወጥቶ ሲሞቅ ነው ጉዱ የሚታየው። የመጀመሪያው ምልክት መጥቆሩም አይደለም። ቅጠሉ ላይ ያለው ወዙ ይጠፋል፣ ይደበዝዛል። ሽታው ይቀንሳል። ቀጥሎ በደም ሥሮቹ መካከል ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ ይሰፋል፣ ግንዱም ይጠቁራል። ሲያሹት መዓዛው ከሳሳብዎ፣ ገና ሳይጠቁር ብርድ አግኝቶታል ብለው ይጠርጥሩ።

ይህን የተማርኩት በሰው ላይ በደል ፈጽሜ ነው። አንድ የቅጠላ ቅጠል ማከማቻ ውስጥ እሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት የበሶብላ ሳጥን ይገባል። ስንከፍተው አረንጓዴ ነው፣ እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል። «ጎበዝ፣ በደንብ ቀዝቅዞ መጥቷል» ብለን ፈርመን እንረከባለን። ማታ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ጠቁሯል። ለሁለት ሳምንት ያህል አምራቹን ወቀስነው። የቆየ ቅጠል ነው የላክልን፣ ማዳበሪያ አብዝቶ ነው፣ ያላልነው ነገር የለም። በመጨረሻ ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከተትን። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ በ2 ዲግሪ ነበር የሚመጣው። አምራቹ ምንም አላጠፋም። እኛ ያሞገስነው ቅዝቃዜ ነው የገደለው። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በሶብላ ሲያስረክቡኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንደተቆረጠ ሳይሆን በስንት ዲግሪ እንደመጣ ነው።

እንግዲህ በሶብላውን የት ያስቀምጡት? ለዕለት የሚበቃዎትን እንደ አበባ ይያዙት። የግንዱን ጫፍ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር በስለታም ቢላዋ ይቁረጡ። ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ ይቅጠፉ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብስና ውሃውን ያበላሻል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁመው ከምድጃውና ከቀጥታ ፀሐይ ያርቁት። ከላይ ቀለል ያለ ከረጢት ቢደፉበት እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ከታች ግን አይሰሩት። ውሃውን በየቀኑ ይለውጡ። በደንብ ከያዙት ሥር ሁሉ ሊያወጣ ይችላል።

መጠኑ በዛ ካለ የቤቱን ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጉለት። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ የሚሆን ጓዳ ካለ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። የወይን ጠጅ ማቀዝቀዣ ያላቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ 12 እና 13 ዲግሪ አካባቢ ስለሚስተካከል ለበሶብላ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሺሶ የሚባለውን ቅጠል የሚጠቀሙ ከሆነም ከበሶብላው ጋር ያኑሩት። እሱም ብርድ አይችልም።

ኩሽናው በጣም የሚሞቅ ከሆነና ከፍሪጅ ሌላ ምንም ቦታ ከሌለስ? ያኔ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መግዛት ነው የሚያዋጣው። ለአንድ ሌሊት ግድ ከሆነ በሶብላውን በደረቅ ወረቀት ደራርበው ይጠቅልሉ፣ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ይክተቱ፣ በበሩ በኩል ያስቀምጡት። አብዛኛውን ጊዜ የፍሪጅ በር ከውስጡ ሞቅ ይላል። ጥቅሉ ግን ብርዱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። አንዳንዶች ሁሉንም ለማስማማት ብለው ፍሪጁን ወደ 6 እና 7 ዲግሪ ከፍ ያደርጉታል። ይህን አይሞክሩ። በሶብላው አሁንም ይጎዳል፣ ፓርስሊውና ድንብላሉም ያለዕድሜያቸው ያረጃሉ፣ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋና ወተትም ለአደጋ ይጋለጣል።

በተለይ በቀጥታ ከአምራች የሚገዙ ከሆነ ስለ ቆረጣ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ማታ የተቆረጠ በሶብላ በሌሊት ወይም በማለዳ ከተቆረጠው በጣም የበለጠ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሠራውን ስኳር ይዞ ስለሚቆረጥ ስንቅ አለው ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲቀመጥ ነው። 0 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ከገባ የማታ ቆረጣ አያድነውም።

ወደ ቀሩት እንሂድ። ናና፣ ፓርስሊ፣ የድንብላል ቅጠል፣ እንስላል፣ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ ሴጅ፣ ኦሬጋኖ፣ እነዚህ ሁሉ ቅዝቃዜ ይወዳሉ። ለእነሱ የሚሻለው እስከ 0 ዲግሪ የተጠጋ፣ አየሩም እርጥበት የሞላበት ቦታ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ95 በመቶ በላይ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ አያያዝ ፓርስሊ ከወር በላይ ይቆያል። የድንብላል ቅጠል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በሶብላው ከወጣ በኋላ ፍሪጁን ወደ 1 ወይም 2 ዲግሪ ቢያወርዱት ለእነሱ ደስታቸው ነው። ከዚያ በታች ግን አይሂዱ። ከ0 በታች ብርዱ ያበቃና ውርጭ ይጀምራል።

ናናው ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል። ብርድና ውርጭ አንድ አይደሉም። ብርድ የሚመታው ውሃው ሳይረጋ ነው፤ እንደ በሶብላ ያለውን ስስ ቅጠል ብቻ ይጎዳል። ውርጭ ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ውሃ በረዶ ያደርገዋል፤ በረዶው ሕዋሱን ይቀዳድዳል፤ እዚህ ላይ ናናም ፓርስሊም አይቀሩም። ከ0 ትንሽ ወረድ ማለቱ ብቻ ይበቃል። «ፍሪጁ 3 ዲግሪ ነው» ቢሉኝም፣ 3 ዲግሪ የሚያሳየው መለኪያው ያለበት ቦታ ነው። ከኋላ ግድግዳውና ከማራገቢያው አፍ የሚወጣው አየር ከዚያ በጣም ሊወርድ ይችላል። አንዱ የናና እስር ተበላሽቶ ሌላው ደህና መሆኑ ነው ያስጠረጠረኝ። የተበላሸው የተቀመጠው ከኋላ ግድግዳው ተጠግቶ አልነበረም?

በዓይንም ይለያያሉ። ውርጭ የመታው ቅጠል በረዶው ሲለቀው ውሃ የጠጣ ይመስላል። ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ የተቀቀለ ያህል ይልፈሰፈሳል። ብዙ ጊዜም ጉዳቱ በአንድ ወገን ነው፤ ግድግዳውን የነካው ጎን ይሞታል፣ ሌላው ጎን ይተርፋል። ብርድ የመታው በሶብላ ግን እስሩ ሙሉ ነው የሚደበዝዘው።

ቦታውን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ያዘጋጁ፤ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን መሐል፣ አንዱን በር ላይ አሳድረው ጠዋት በተራ በተራ ቴርሞሜትር ይንከሩባቸው። ውሃው የሌሊቱን ውጣ ውረድ ያለሰልሰዋል፣ ስለዚህ የቦታውን አማካይ ይነግርዎታል። አማካዩ ግን የማራገቢያውን ቅጽበታዊ ቅዝቃዜ ይደብቃል። ለዚህ ደግሞ ማራገቢያው ፊት ለፊት በትንሽ ሳህን ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ያኑሩ። ጠዋት ጠብታው በረዶ ሆኖ ካገኙት፣ እዚያ ያደረ ቅጠልም እንዲሁ ይሆናል። ቦታውን ለውጡት፤ ወይም በመሐላቸው ካርቶን ያቁሙ። ለጉዞ የሚያገለግሉ የበረዶ ጥቅሎችም እንዲሁ ናቸው። ከፍሪዘር በቀጥታ ወጥተው ቅጠል ላይ ሲያርፉ የነኩትን ቦታ ያቃጥሉታል። ጨርቅ ወይም ካርቶን ይግባባቸው። ፓርስሊና ድንብላል ላይ በሚቀልጥ የውሃ በረዶ ማቀዝቀዝ የቆየ ልማድ ነው፣ ይችሉታል። በሶብላ ላይ በረዶ ማድረግ ግን አይታሰብም።

ፓርስሊው ሳይጠወልግ ቢጫ መሆኑ ሌላ ታሪክ ነው። በዚያው ፍሪጅ ውስጥ የበሰለ ፍራፍሬ እንደሚያስቀምጡ እገምታለሁ። ፖም፣ ፒር፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ሜሎን፣ የበሰለ ቲማቲም፣ እነዚህ ኤቲሊን የሚባል ሽታው የማይታወቅ ጋዝ ያወጣሉ። ኤቲሊን ቅጠልን ያስረጃል። ፓርስሊ፣ ናናና ኦሬጋኖ ቶሎ ይሸነፉለታል፤ ይቢጫሉ፣ ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። ሮዝመሪ፣ ጦስኝና ሴጅ ብዙም አይሰማቸውም። ፍራፍሬውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ። ቦታ ከሌለ ቢያንስ ፍራፍሬውን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያድርጉት፣ በሩንም አየር እንዲለወጥ አልፎ አልፎ ይክፈቱ። ፍሪጁን ወደ 1 ዲግሪ ማውረድዎም እዚህ ላይ ያግዛል፤ በቅዝቃዜ ውስጥ የኤቲሊን ጉልበት ይደክማል።

አሁን ስለ ማጠብዎና ስለ ከረጢቱ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም በጎ አሳቢ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቅጠሉ እንደደረሰ አያጥቡት። የሚያጥቡት ሊጠቀሙበት ሲሉ ነው። እርጥብ ቅጠል ከረጢት ውስጥ ሲታፈን ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ይዝለገለጋል። ቆሻሻ ሆኖ መጥቶ ማጠብ ግድ ከሆነብዎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው በደንብ ያጥልሉት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ላዩ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በሶብላ ከሆነ ግን የሚታጠብበት ውሃ ለብ ያለ ይሁን። ከረጢቱንም ጥብቅ አድርገው አይሰሩት። የተቆረጠ ቅጠል ገና በሕይወት አለ፤ ይተነፍሳል። ከታፈነ ኦክስጅኑን ይጨርስና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ከረጢቱን በጥቂት ቦታ ይብሱት ወይም አፉን ለቀቅ አድርገው ያጥፉት። ውስጡ ደረቅ ወረቀት ይጨምሩ፤ ከረጢቱ የሚያልበውን ላብ እሱ ይጠጣዋል፤ ወረቀቱ ሲርስ ይለውጡት። ፓርስሊና ድንብላልን ደግሞ ግንዳቸውን ውሃ ውስጥ አቁመው፣ ከላይ ልል ከረጢት ደፍተውባቸው፣ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ቢያኖሯቸው በጣም ያምርባቸዋል።

እስሩን በሙሉ አውጥቶ ትንሽ ቀጥፎ መመለስም ይጎዳል። በወጣ በገባ ቁጥር ላቡ ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። የቀኑን ብቻ ያውጡ።

የጠቆረውን በሶብላ ምን ያድርጉት? ብርድ ብቻ ያጠቆረው፣ ያልዘለገለገና ያልሸተተ ከሆነ መርዝ አይደለም። ለጌጥ አይሆንም፣ መዓዛውም ቀንሷል፣ ግን የሚበስል ሾርባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዘለገለገውን ይጣሉት። ብዙ ትኩስ በሶብላ ተርፎዎት እንደሆነ ሳይጠቁር ይቀድሙት። ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር ያድርጉት፣ ወዲያው በበረዶ ውሃ ያቀዝቅዙት፣ ይጭመቁት፣ ከዘይት ጋር ፈጭተው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። የፈላው ውሃ ያንን የሚያጠቁር ኤንዛይም ስለሚገድለው አረንጓዴነቱ ይቆያል። አደራ የምልዎት ግን፣ ጥሬ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን ዘይት ከፍሪጅ ውጭ አያኑሩ። ዘይት አየር ስለማያስገባ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ እዚያ ሊያድግ ይችላል። መርዙ በጠረንም በመልክም ላይታወቅ ይችላል፣ ሰውም ይገድላል። ፍሪጅ ውስጥ አኑረው በጥቂት ቀን ይጨርሱት፤ አለዚያ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት።

የቀረው የአቅራቢዎ ጉዳይ ነው። ከአሁን ጀምሮ በሶብላውን በተለየ ሳጥን እንዲያመጣልዎ ይንገሩት። ከናናና ከፓርስሊው ጋር በአንድ ቀዝቃዛ መኪና መምጣቱ ግድ ከሆነ፣ የበሶብላው ሳጥን ወፍራም የስታይሮፎም ይሁን፣ በረዶ አይግባበት። ሲረከቡ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ሦስት የበሶብላ ዘለላ ይለዩ። ጫፋቸውን ቆርጠው ውሃ ውስጥ ያቁሟቸው፣ ኩሽናው ውስጥ ከፀሐይ ራቅ አድርገው ያሳድሯቸው፣ ቀኑን ይጻፉባቸው። ፍሪጅ ያላየው ዘለላ በማግስቱ በደም ሥሮቹ መካከል ከጠቆረ፣ ብርዱ ያገኘው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ነው። ያንን ብርጭቆ ለአቅራቢዎ ያሳዩት። ዘለላው ደህና ካደረ ግን ጥፋቱ የፍሪጅዎ ነው ማለት ነው፤ የቀረውን በሶብላ ቶሎ ከዚያ ያውጡት።